የቡና ማሳን በደብተር መጠበቅ፦ ተባይንና በሽታን ቀድሞ የማየት አሠራር

ከአባቴ የተረከብኩት የቡና ማሳ ጅማ ዙሪያ ነው፤ ስፋቱ ግማሽ ሔክታር ገደማ፣ በላዩ ያለው ደግሞ 1,200 እግር ቡና ይሆናል። በተረከብኩበት ክረምት አረሙ ወገቤ ስለደረሰ ገጀራ ስዬ ምንጣሮ ገባሁ። ከላይኛው አጥር ሥር አንድ የጠወለገ እግር ነበር። «ውኃ ጠምቶት ይሆናል» ብዬ አለፍኩት። በሐምሌ ዝናብ ውኃ የሚጠማው ምን ዓይነት ቡና እንደሆነ ራሴን አልጠየቅኩም። ሥሩን በገጀራው አጽድቼ ቁልቁል ወረድኩ። በዓመቱ አሥራ አንድ እግር ደረቀ። የደረቁት እዚህም እዚያም ተበታትነው አልነበረም፤ ተሰልፈው ነበር። ሰልፉም እኔ ገጀራ ይዤ የወረድኩበት መንገድ ነበር።

አንድ ጎረቤታችን አዛውንት መጥተው አዩና «ልጄ፣ በሽታውን በእጅህ ይዘህ ነው እኮ የዞርከው» አሉኝ። ደብተር መያዝ የጀመርኩት ከዚያ ወዲህ ነው።

ከዚህ በታች የጻፍኩት ከጥቂት መቶ እስከ ሁለት ሦስት ሺህ እግር ቡና ላለው፣ በአጥሩ ዙሪያ ማንጎ፣ በታች በኩል ባሕር ዛፍ ለተከለ ሰው ነው። መድኃኒት ስለመርጨት ብዙ አልልም። መርጫ ገዝቶ ምን ላይ እንደሚረጭ የማያውቅ ሰው ብዙ አይቻለሁና እዚህ የምናተኩረው ማየትና መቁጠር ላይ ነው።

1. ማሳውን በወረቀት ላይ ያስቀምጡ

በደብተርዎ መሐል ሁለት ገጽ ዘርግተው የማሳውን ቅርጽ ይሳሉ። አጥሩን፣ መግቢያውን፣ የውኃ መውረጃውን፣ የጥላ ዛፎቹን ቦታ ያስገቡ፤ ዋንዛው የቱ ጋ ነው? ብርብራው? ሳሳው? ሰውና ከብት የሚያልፍበትን የእግር መንገድ በተለይ ያስምሩ። ከታመመ ማሳ የሚመጣ ጭቃ፣ ገጀራና ችግኝ የሚገባው በዚያ በኩል ነው። ሥዕሉ ማማር አያስፈልገውም፤ የእኔን ሥዕል ልጄ «የዳቦ ካርታ» ትለዋለች።

ከዚያ ምልክት የሚሆኑ 20 እግሮችን ይምረጡ። ሰው ሳያስበው የሚመርጠው በመንገድ ዳር ያለውን ወይም ያማረውን ነው። ይህን ለማስቀረት ከአንዱ ጥግ ተነሥተው በማሳው ውስጥ እየተጠማዘዙ ይሂዱ፤ በየሠላሳ እርምጃው ቆመው በቀኝ እጅዎ በኩል ያለውን የመጀመሪያ እግር ይያዙ። ማሳው ትንሽ ከሆነ እርምጃውን ያሳጥሩ። ከጥላ ሥር ያለውም፣ ፀሐይ የሚያገኘውም፣ ረግረግ አጠገብ የቆመውም መግባት አለበት። በየአንዳንዱ ላይ ቀለም ያለው ጨርቅ አስረው ቁጥር ይስጡት። ቁጥሩን በካርታው ላይም ይጻፉ።

በየአንዳንዱ ምልክት እግር ላይ ሦስት ቅርንጫፍ፣ ማለትም አንድ ከላይ፣ አንድ ከመሐል፣ አንድ ከታች መርጠው ክር ይሰሩባቸው። ዓመቱን ሙሉ የሚቆጥሩት እነዚሁኑ 60 ቅርንጫፎች ብቻ ነው። ለምን እነዚያኑ ደጋግመን እንደምንቆጥር ወደ በኋላ ግልጽ ይሆናል።

2. የሚይዙት ዕቃ

ደብተርና እርሳስ። እስክርቢቶ ዝናብ ሲነካው ይጨማለቃል፤ እርሳስ ግን ይቆያል። አሥር ጊዜ የሚያጎላ ትንሽ ማጉያ መነጽር፣ ስለታም ቢላዋ፣ ጥቂት የወረቀት ከረጢት፣ ነጭ አንሶላ ወይም ያረጀ ነጠላ፣ ስልክ፣ በትንሽ ጠርሙስ በረኪና ወይም የሕክምና አልኮል። ይኸው ነው። ማጉያው ካልተገኘ የስልኩ ካሜራ በብዙ ቦታ ይተካዋል።

3. መቼ ይዞሩ?

ቡና የየካቲትና የመጋቢት ዝናብ ሲነካው ያብባል፤ ከሚያዝያ ጀምሮ ጮርቃው ይወፍራል። የቡና ፍሬ በሽታ፣ ባለሙያዎች ሲቢዲ የሚሉት፣ የሚያጠቃው በዋናነት ይህን እየወፈረ ያለ ለስላሳ ጮርቃ ነው። ስለዚህ ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ መጨረሻ በየ15 ቀኑ ይዙሩ። ዝናቡ ሳያቋርጥ ሳምንት ከቆየ ደግሞ በየሳምንቱ ቢሆን ይሻላል። ከመስከረም በኋላ በወር አንድ ጊዜ ይበቃል። ቡናው ከተለቀመ በኋላ ጥር ላይ አንድ የተለየ ዙር አለ፤ እመለስበታለሁ።

ጠዋት ይሁን። ነፍሳት በብርድ ደንዝዘው ከቦታቸው አይበሩም፤ የጠወለገ ቅጠልም ከሌሊት ቅዝቃዜ በኋላ ጠውልጎ ካደረ በእውነት ታሟል ማለት ነው። በቀትር የሚጠወልግ ጤነኛ ዛፍ ብዙ ነው። ሃያውን እግር ለመጨረስ ሰዓት ተኩል ገደማ ይፈጃል።

4. ከሩቅ ወደ ቅርብ

ማሳው ውስጥ ከመግባትዎ በፊት ከፍ ካለ ቦታ ቆመው ሁሉንም አንድ ጊዜ ይዩ። ቀለሙ የተለወጠ ቦታ አለ? ብቻውን ነው ወይስ ክብ ሠርቷል? መሥመር ይዟል? መልኩ ብቻ ብዙ ይነግራል። ማሳው ሁሉ በእኩል ደረጃ ቢጫ ከሆነ መጀመሪያ መጠርጠር ያለበት አፈሩ ወይም ድርቁ ነው። በሽታ ግን እንደ እድፍ ነው፤ ከአንድ ነጥብ ይነሣል፣ ዳሩ ከመሐሉ ይለያል። የቀድሞውን የአረም ምንጣሮ መንገድ ከተከተለ የእኔን ታሪክ ያስታውሱ።

ቀጥሎ ወደ እግሩ ይቅረቡ። ቅደም ተከተሉን አይለዋውጡ፦ መጀመሪያ ከሥሩ የረገፈው፣ ከዚያ ግንዱ፣ ቅርንጫፉ፣ የቅጠሉ ጀርባ፣ በመጨረሻ ፍሬው። ብዙ ሰው ከፍሬው ይጀምራል፤ ፍሬው ገንዘብ ነውና ዓይን ይስባል። ነገር ግን መሬት ላይ የወደቀው ቅጠልና ጮርቃ ከዛፉ ይልቅ ብዙ ይናገራል።

ጉንዳን በግንዱ ላይ ተሰልፎ ሲወጣ ካዩ ቆም ይበሉ። ጉንዳን በከንቱ አይወጣም። ከላይ ክሽክሽ የሚባሉ ለስላሳ ትናንሽ ነፍሳት ወይም ቅርፊት ለብሰው ተጣብቀው የሚመጥጡ ተባዮች አሉ፤ እነሱ የሚያወጡትን ጣፋጭ ፈሳሽ ሊልስ ነው። ያ ፈሳሽ ቅጠሉ ላይ ሲንጠባጠብ ጥቁር ሻጋታ ያበቅልበታል፤ ቅጠሉ ጥላሸት የተቀባ ይመስላል። ጥላሸቱን በጣትዎ ሲጠርጉት ከለቀቀና ከሥሩ ያለው ቅጠል አረንጓዴ ከሆነ ችግሩ ከላይ ባለው ቅርንጫፍ ላይ ነውና ወደዚያ ቀና ይበሉ።

5. የሚያዩትን መለየት

እዚህ ላይ ረጅም ጊዜ እንቆይ፤ ስሕተቱ ሁሉ የሚፈጠረው እዚህ ነው።

ጮርቃው ሲጠቁር። የቡና ፍሬ በሽታ ኬንያ ውስጥ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1922 ነው፤ ኢትዮጵያ ውስጥ የታየው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1971። ከፍ ያለ፣ ቀዝቃዛና ዝናባማ ቦታ ይስማማዋል። በአረንጓዴው ጮርቃ ላይ መጀመሪያ የመርፌ ጫፍ የምታህል ጥቁር ነጥብ ትወጣለች። ነጥቧ ትሰፋለች፣ ወደ ውስጥ ትጎደጉዳለች፤ በሁለት ሦስት ሳምንት ውስጥ ፍሬው ሙሉ በሙሉ ጠቁሮ ወይ ይረግፋል ወይ እንደ ቁንዶ በርበሬ ተኮማትሮ ቅርንጫፉ ላይ ይቀራል። ቢሰብሩት ውስጡ ባዶ ነው።

ጥቁር ሁሉ ግን ሲቢዲ አይደለም። ፀሐይ በሚመታው ጎን ብቻ የወጣ፣ ያልጎደጎደ፣ ዳሩ ቀላ ያለ ቡናማ ጠቃጠቆ ሌላ ፈንገስ ነው፤ ጥላና ማዳበሪያ ያነሰው ቡና ላይ ይበዛል። ምንም ነጥብ ሳይኖርበት የረገፈ አረንጓዴ ጮርቃም በሽታ ላይሆን ይችላል፤ ዛፉ ከአቅሙ በላይ ሲሸከም ራሱ ያራግፋል። ካልለየልዎት አምስት ስድስት የተጠረጠሩ ጮርቃዎች ለቅመው እርጥብ ሶፍት ባነጠፉበት ክዳን ባለው ጠርሙስ ውስጥ ሁለት ሌሊት ያሳድሩ። ሲቢዲ ከሆነ በጎደጎደው ጥቁር ላይ ሐምራዊ ሮዝ የሆነ ዝልግልግ ነገር ብቅ ይላል። እኔ መጀመሪያ ያየሁት ዕለት ጠርሙሱን ለቤተሰቡ ሁሉ አሳይቼ ምሳ አበላሸሁባቸው።

ዛፉ ሲጠወልግ። አጠውልግ በሽታን ከሁሉ በላይ እፈራዋለሁ፤ የያዘው እግር አይድንምና። ብዙ ጊዜ በአንድ ጎን ይጀምራል፦ ግማሹ ቅርንጫፍ ቢጫ ሆኖ ሲንጠለጠል ሌላው ግማሽ ምንም እንዳልሆነ ሰው ይቆማል። ፍሬው ያለ ጊዜው ይቀላል፤ ያላወቀ ሰው «ዘንድሮ ቶሎ ደረሰልኝ» ይላል። ወጣት እግር በሳምንታት ውስጥ ይደርቃል፤ ያረጀው ወራት ይቆያል።

ማረጋገጫው ቢላዋው ነው። ተንበርክከው ከአፈሩ በላይ አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ ያለውን ልጥ በስሱ ይፋቁ። ጤነኛ ከሆነ ከቅርፊቱ ሥር አረንጓዴ፣ ቀጥሎ ነጣ ያለ እርጥብ እንጨት ያያሉ። አጠውልግ ከሆነ እንጨቱ ላይ ወደ ላይ የሚሄድ ጠቆር ያለ ሰማያዊ መሥመር አለ፤ ቀለም የፈሰሰበት ይመስላል። ይህን ካዩ ሌላ ማስረጃ አያስፈልግዎትም። የተፋቀው ነጭ ስስ ቆዳ የመሰለ ነገር ካሳየና የእንጉዳይ ሽታ ካለው ግን ሌላ በሽታ ነው፤ ከተቆረጠ የጫካ ዛፍ ጉቶ ተነሥቶ በሥር በኩል የሚመጣ የሥር አበስብስ። ሁለቱም ይገድላሉ፤ አያያዛቸው ግን ይለያል። የመጀመሪያው በቁስል ይገባል፣ ሁለተኛው በሥር ይሻገራል። በሁለቱም ጊዜ ቢላዋውን በረኪና ወይም አልኮል ሳይነኩት ወደ ቀጣዩ እግር አይሂዱ። በረኪና ብረት ስለሚበላ ሥራው ሲያልቅ በውኃ ያጥቡት።

ቅጠሉ ሲያቅል። የቡና ቅጠል ዋግ በቅጠሉ ጀርባ ላይ ብርቱካናማ ዱቄት ይነሰንሳል፤ በጣት ሲነካ ይቀባል። ሴይሎን፣ የዛሬዋ ስሪላንካ፣ እ.ኤ.አ. ከ1869 በኋላ የቡና እርሻዋን ትታ ወደ ሻይ የዞረችው በዚህ ምክንያት ነው። በእኛ ማሳዎች፣ በተለይ ጥላ ባለበት፣ ያን ያህል አይከፋም። አንዱ ምክንያት ማጉያውን ሲያስጠጉ ይታያል፦ በብርቱካናማው ዱቄት ላይ ነጭ እንደ ጥጥ ያለ ነገር ከበቀለ ያ ዋጉን የሚበላ ሌላ ፈንገስ ነው። በደብተሩ ላይ «ነጭ አለ» ብለው ይጻፉና ይተዉት። እንዲህ ያለውን ቅጠል ለማጽዳት መድኃኒት መርጨት ወዳጅን መግደል ነው።

ፍሬው ሲበሳ። በፍሬው እምብርት ላይ ትንሽ ክብ ቀዳዳ ካለ ፍሬውን ይሰንጥቁት። ውስጥ ጥቁር ጥንዚዛ፣ ርዝመቷ ሁለት ሚሊ ሜትር የማትሞላ፣ ወይም ነጫጭ እጮቿ ይገኛሉ። ከክረምት ዙር ይልቅ ጥር ላይ የምትታየው በደንብ ነው። ቡና ከተለቀመ በኋላ በዛፉ ላይ የቀረውንና መሬት የወደቀውን ጀንፈል ለቅመው መቶ ፍሬ ይቁጠሩ፤ ስንቱ ተበስቷል? ለሚቀጥለው ዓመት የምትተርፈው ጥንዚዛ የምትከርመው እዚያ ውስጥ ነው። ስለዚህ ያ ዙር ቆጠራም ለቀማም ነው።

ጋሻ የመሰለችው፣ በጥቁር ቡናማ ጀርባዋ ላይ ብርቱካናማና ነጭ ነጥብ ያላት፣ ስትነካ የምትሸተው ተባይ ደግሞ አለች። እሷን ለመቁጠር ነጠላውን ከእግሩ ሥር ዘርግተው ግንዱን በኃይል ያወዛውዙ፤ የወደቁትን ይቁጠሩ። ከረፋዱ በኋላ ከሞከሩት አይሠራም፣ ትበራለች።

የምግብ እጥረት ሌላው አሳሳች ነገር ነው። ያረጁት የታች ቅጠሎች በእኩል ቢጫ ከሆኑ ናይትሮጅን አንሷል፤ አዲሶቹ ቅጠሎች ገርጥተው ደም ሥራቸው ብቻ አረንጓዴ ከቀረ ብረት አላገኙም። በበሽታ መድኃኒት አይድኑም።

6. መቁጠርና መጻፍ

በእያንዳንዱ ክር የታሰረበት ቅርንጫፍ ላይ ጠቅላላውን ጮርቃ ይቁጠሩ፣ ከዚያ የታመመውን። ከደብተሬ አንድ መሥመር እንዳለ ልስጥዎት፦

ሰኔ 12 — እግር 7 — ላይ 31/0፣ መሐል 44/3፣ ታች 38/6 — ጉንዳን የለም — ከሥሩ 15 ጥቁር ረግፏል — አምስት ቀን ሳያባራ ዘንቧል።

ከ113 ጮርቃ 9 ታመመ ማለት ነው፤ ከመቶ ስምንት ገደማ። የሃያውን እግር በአንድ ላይ ደምረው የታመመውን ለጠቅላላው ያካፍሉና በመቶ ያባዙ። ለምሳሌ ሰኔ 12 ከ2,240 ጮርቃ 56 ታሞ ከተገኘ 2.5 በመቶ ነው። በ15 ቀኑ ከ2,180 ውስጥ 174 ከሆነ 8 በመቶ ደርሷል። ሦስት እጥፍ አድጓል፤ ዝናቡ ከቀጠለ የሚቀጥለው ዙር ምን እንደሚመስል መገመት ይቻላል።

አሁን አንድ ወጥመድ ልንገርዎት፤ እኔ ሁለት ዓመት ተሳስቼበታለሁ። የታመመ ጮርቃ ይረግፋል። ሲረግፍ ከቆጠራው ይወጣል። ሐምሌ መጨረሻ ላይ ከ1,900 ጮርቃ የታመመው 95 ብቻ ቢሆን መቶኛው ወደ 5 ወርዷል፤ ደብተሩ «ተሽሎታል» ይላል። ነገር ግን 2,180 የነበረው 1,900 ሆኗል። 280 ጮርቃ የት ገባ? መሬት ላይ ነው። እነዚያኑ ቅርንጫፎች በክር ለይተን ደጋግመን የምንቆጥረው ለዚህ ነው፦ ከመቶኛው አጠገብ ጠቅላላ ቁጥሩም ይጻፍ፣ ሁለቱም አብረው ይነበቡ። በየዙሩ ሌላ ቅርንጫፍ የሚቆጥር ሰው ይህን ጉድለት በጭራሽ አያየውም።

ፎቶ ሲያነሡ ሦስት ያንሡ፦ አንድ ዛፉን ሙሉ ከሩቅ፣ አንድ ቅርንጫፉን፣ አንድ ምልክቱን ከቅርብ። በመጨረሻው ላይ መጠኑ እንዲታወቅ የአንድ ብር ሳንቲም አጠገቡ ያድርጉ። ወደ ባለሙያ የሚላክ ፎቶ አብዛኛውን ጊዜ የማይጠቅመው ሦስተኛው ብቻ ስለሚላክ ነው።

7. ናሙና ሲወስዱ

ፈጽሞ የሞተ ነገር አይውሰዱ። በሞተ ቅርንጫፍ ላይ የሚገኘው የገደለው ሳይሆን ከሞተ በኋላ የመጣው ነው። ጤናማውና የታመመው የሚገናኙበትን ክፍል ይቁረጡ። በወረቀት ጠቅልሉት፤ በፌስታል የታሰረ ቅጠል ያልበውና በማግስቱ የሻጋታ ክምር ይሆናል። ቀን፣ ቀበሌ፣ የእግሩን ቁጥርና ያዩትን በአጭሩ ይጻፉበት። ነፍሳት ከሆኑ በትንሽ ጠርሙስ አልኮል ውስጥ፤ አልኮል ካልተገኘ ጠንከር ያለ አረቄ ለጥቂት ቀን ያቆያቸዋል።

የቀበሌውን የግብርና ልማት ሠራተኛ ከሁሉ በፊት ወደ ማሳው ይጥሩት፤ ናሙና ይዞ ከመዞር እሱ መጥቶ ቢያይ ይሻላል። አጠውልግ የተጠረጠረበትን እንጨት በሌሎች የቡና ማሳዎች መሐል ተሸክመው አይሂዱ። መላክ ካለበት በድርብ ወረቀት ታሽጎ ወደ ዕፅዋት ጤና ክሊኒክ ወይም ወደ ምርምር ማዕከል በቀጥታ ይሂድ።

8. በአጥሩ ላይ ያሉት

ማንጎው ላይ ጊዜ ማጥፋት ያለብዎት ችግኝ ሲገዙ ነው። ነጩ የማንጎ ተባይ እ.ኤ.አ. በ2010 ምሥራቅ ወለጋ ውስጥ ታየ፤ ከዚያ ወዲህ በብዙ ማንጎ አብቃይ አካባቢ ተዛምቷል። በቅጠሉ ላይ ነጭ ክብ ቅርፊት ተለጥፎ፣ አጠገቡ ደግሞ እንደ ተበተነ የኮኮናት ፍርፋሪ የመሰሉ ትናንሽ ነጫጭ ነገሮች ተሰብስበው ይታያሉ፤ የመጀመሪያው ሴቷ፣ ሁለተኛዎቹ ወንዶቹ ናቸው። ፍሬው ላይ ሮዝ ጠባሳ ይተዋል፣ ዋጋውን ይጥለዋል። ይህ ተባይ ሴቷ ክንፍ የላትም፤ ሩቅ የሚወስዳት ሰው ነው፣ በችግኝና ፍሬ በተጠቀለለበት ቅጠል። እኔ ራሴ ከአንድ ችግኝ ሻጭ የቅጠሉን ጀርባ ሳልገለብጥ ስድስት ችግኝ ገዝቼ ተባዩን በገንዘቤ አስገብቻለሁ። ትልቁን ማንጎ ለመርጨት መሰላልም መርጫም አይደርስም፤ መሐሉን ከፈት አድርጎ መግረዝና የተገረዘውን እዚያው ማቃጠል የተሻለ ነው።

ባሕር ዛፉ፣ በተለይ ቀዩ፣ በቅጠሉ ደም ሥርና በለጋ ጫፉ ላይ ኪንታሮት የመሰለ እብጠት ካወጣ ከአውስትራሊያ የመጣች ትንሽ ተርብ እንቁላሏን ጥላበታለች። ትልቁ ዛፍ ይቋቋማል፣ ችግኝ ግን ይቆረፍዳል፤ እብጠት ያለበትን ችግኝ ከነሥሩ ነቅለው ያቃጥሉ እንጂ አይትከሉ። የፈረንጅ ጽድ ከውስጥ ወደ ውጭ ሲነድ የመሰለ ቡናማ ከሆነ ክሽክሽ ነው፤ ቅርንጫፉን ገለጥ አድርገው የውስጡን ይዩ።

በአዊ ዞን፣ በተለይ ፋግታ ለኮማ፣ ዲከረንስ የሚባለውን የግራር ዓይነት ተክለው ከሰል እያከሰሉ ኑሯቸውን ያቆሙ ገበሬዎች ባለፉት ዓመታት ዛፉ በዋግ ሲመታባቸው አይተናል። አንድ ዓይነት ዛፍ በተከታታይ ማሳ ላይ ሲተከል ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያግደው ነገር የለም። ባሕር ዛፍ ብቻ ወይም ዲከረንስ ብቻ ያለዎት ከሆነ ከላይ የተጻፈውን የሃያ እግር አሠራር እንዳለ መጠቀም ይቻላል፤ በጮርቃ ምትክ ለጋ ጫፎችን ይቁጠሩ።

9. ካዩ በኋላ

ሲቢዲ ላይ የደብተሩ ትልቁ ጥቅም የትኛው እግር በየዓመቱ እንደሚመታና የትኛው እንደማይመታ መለየቱ ነው። ሁለት ዓመት ተከታትለው በየጊዜው ከግማሽ በላይ ጮርቃውን የሚያጣውን እግር በሚቋቋም ዝርያ ይተኩት። ከጅማ ግብርና ምርምር ማዕከል የወጡት 74110፣ 74112፣ 74140፣ 74148፣ 74158፣ 74165 የሚባሉት ይህን በሽታ እንዲቋቋሙ የተመረጡ ናቸው፤ መጀመሪያ ላይ ያለው 74 እ.ኤ.አ. 1974ን፣ የተመረጡበትን ዓመት ያሳያል። የፍሬ በሽታን ይቋቋማሉ ማለት አጠውልግን ይቋቋማሉ ማለት አይደለም፤ ሁለቱን የሚያምታታ ሻጭ ያጋጥምዎታል። ጠቁሮ የተንጠለጠለውን ፍሬ ከሚቀጥለው አበባ በፊት ለቅመው ያቃጥሉ፤ የጥላ ዛፉ ጥቅጥቅ ካለ ቅርንጫፉን አሳስተው አየር ያስገቡ።

አጠውልግ ላይ ግን መቶኛ አይጠበቅም። አንድ እግር ይበቃል። ባገኙት ቀን ከነሥሩ ነቅለው እዚያው ጉድጓዱ ላይ ያቃጥሉት፤ ወደ ቤት ለማገዶ አይጎትቱት፣ ሲጎተት መንገዱን ሁሉ ይዘራዋል። ለማገዶ ያስቀመጡትም እንጨት ክረምቱን ሙሉ በሽታ ይተፋል። ገጀራውንና መጋዙን እሳት ላይ ያግሉ። በዚያ ዙሪያ ያሉትን እግሮች በየሳምንቱ ይዩ፤ አረሙንም በገጀራ ሳይሆን በእጅ ይንቀሉ። ለጎረቤትዎም በዚያኑ ቀን ይንገሩ። ነውር የሚመስለው ሰው አለ፤ የእኔን ሰልፍ ያዩት አዛውንት ግን ማሳቸው ከአጥሬ ማዶ ስለሆነ ያመሰገኑኝ ስለነገርኳቸው ነው።

የተነቀለበት ቦታ ላይ ካስማ ተክለው ቀኑን ይጻፉበት። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ቡና አይመለስበትም፤ እስከዚያ ድረስ ቦሎቄ ወይም በቆሎ ያብቅሉበት። ሁለት ዓመቱ ሲሞላ የሚተክሉት ችግኝ ክር ታስሮበት፣ በካርታው ላይ አዲስ ቁጥር ይዞ፣ ከምልክት እግሮች አንዱ ይሁን።